ቄጠማው ከየት መጣ?

እኔ ያልገባኝ ነገር ካለ እህል አይወርድልኝም። እናቴ ገና በልጅነቴ «አንቺ ልጅ፣ ነገር ካልጎረጎርሽ አይነጋልሽም» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ የገጠመኝ ነገር ግን በጎረጎርኩት ቁጥር ወደ ሩቅ መሄዱን ትቶ ወደ ራሴው እየመጣ አስቸገረኝ፤ መጀመሪያ ወደ ቸርቻችን፣ ከዚያ ወደ ወዳጆቼ ቤት፣ በመጨረሻም ወደ ገዛ ምላሴ።

ስሜ ፅጌረዳ ነው። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ስካርቦሮ ነው የምኖረው፤ የምሠራውም እዚያው፣ ሐይቁ ዳር ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ሣር እቆጥራለሁ» እላለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ካምፓኒ ታንከር ነዳጅ አምልጦ በጎርፍ ቱቦው ወረደና እኛ «ሳይት» የምንላት አንዲት ትንሽ ወሽመጥ ውስጥ ገባ። ያኔ ድንጋዩን በብሩሽ ከፈተጉት፣ ዳክዬውን በሳሙና ካጠቡት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ሳሙናው ሳይለቅ እጄ ላይ የሞተች ዳክዬ ነበረች፤ እሷን እስካሁን አልረሳኋትም።

ከዚያ ጥቁሩ ጭቃ በማሽን ተዝቆ ወጣ ተባለ፣ በላዩ ንጹሕ አሸዋና አፈር ተደለደለ፣ ባለፈው ዓመት ስፕሪንግ ላይ ደግሞ ሴጅ ተከልን። ሴጅ የውኃ ዳር ሣር ነው። ሥሩ አፈሩን ይዞ ያቆማል፣ እንቁራሪት ይደበቅበታል፣ ወፍ ጎጆዋን ትሠራበታለች፤ እሱ ከጸና ሌላው እየተከተለ ይመጣል። ሁለት መደብ ነበረን፤ ላይኛውና ታችኛው። የኔ ሥራ የቆመውንና የሞተውን እየለዩ መመዝገብ ነው። መንካት አይፈቀድም። የነካነው ሣር ከቆጠራው ይወጣል፤ ካምፓኒውም «ራሳችሁ ገደላችሁት» ለማለት አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር አብሮ መጣ። ታችኛው መደብ እየገረጣ ይሞት ጀመር። ላይኛው መደብ ደግሞ ምንም ሳይገርጣ፣ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ይጠፋ ጀመር። ዛሬ የቆመው ነገ የለም። ጉቶው ብቻ ቀርቷል፤ ያውም ልክክ ብሎ ተቆርጦ።

አለቃዬ ታርሺኒ ትባላለች። የታሚሎች ልጅ ናት፣ ስካርቦሮ ነው ያደገችው፤ ቃል ከአፏ የሚወጣው ተለምና ነው። እሷ ገና ከመጀመሪያው ታችኛውን መደብ የገደለው ከአሸዋው ሥር የቀረ ነዳጅ ነው ብላ ጠርጥራለች። ግን ማስረጃ የላትም። ሳምፕል የሚወሰደው ከላይ ከላይ፣ ከአዲሱ አሸዋ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሁሌም ንጹሕ ሆኖ ነው የሚወጣው። ጠልቆ ለመቆፈር በቂ ምክንያት አምጡ ይላል የካምፓኒው ሰውዬ። ይኼ ሰውዬ በመጣ ቁጥር ቦት ጫማው አዲስ ነው፤ አንድ ቀን ጭቃ ነክቶት አላየሁም። የሱ ሐሳብ አጭር ነው፤ «ላይኛውን የበላው ታችኛውንም በላው። ዝይ ነው። ነዳጅ የሚባል ነገር የለም።»

የሚወስኑት ደግሞ እሱም እኛም አይደለንም። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከመንግሥት ኢንስፔክተር ትመጣለች። የገደለው ነዳጅ ነው ካለች ካምፓኒው ጭቃውን እንደገና ቆፍሮ ያወጣል። አይደለም ካለች ፋይሉ ይዘጋል፣ ዳርቻው በድንጋይ ይሞላል፤ አለቀ። ነዳጁ ከድንጋዩ ሥር ተኝቶ ለልጅ ልጅ ይቆያል። ይኼን ሳስበው ደሜ ይፈላ ነበር።

እኔ ግን፣ ምን ላድርግ፣ ከነዳጁ ይልቅ ያ ላይኛው መደብ አላስቀምጥ አለኝ። ማን ነው የሚበላው? ዝይ ሲበላ ከሥሩ ነቅሎ ነው፤ ግማሹን ይበትነዋል፣ ኩሱንም ትቶ ይሄዳል። መስክራት የሚሉት የውኃ አይጥ አለ፤ እሱ አግድም ይቆርጥና ፍርፋሪው ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። እዚህ ግን ፍርፋሪ የለም፣ ኩስ የለም፣ አንድ ቅጠል እንኳ ወድቆ አይታይም። የበላው ሁሉ ሥርዓት ያለው በላተኛ ነው። ካሜራ አሰርን። ካሜራው ወደ ውኃው ዞሮ ስለነበር አንድ ራኩን የሚሉት ሌሊት የሚዞር አውሬ አፍጥጦ ሲያየን ብቻ አሳየን። ታርሺኒ «አርፈሽ ቁጠሪ» አለችኝ። ማን ሊያርፍ።

እሑድ የእንቁጣጣሽ ፕሮግራም ነበረን። ቸርቻችን አዳራሽ ተከራይቶ ነው የሚያመልከው፤ በየዓመቱ ለበዓል የምናነጥፈው ከዶላር ሱቅ የተገዛ የፕላስቲክ ሣር ነበር። ልጆቹ ቄጠማ ማለት ፕላስቲክ ይመስላቸዋል። የዚያን ቀን ግን በሩን ስከፍት የእውነት፣ እርጥብ፣ የተቆረጠ ሣር ሽታ ተቀበለኝ። ከመድረኩ እስከ በሩ ድረስ ትኩስ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፤ ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። እኔም ደስ አለኝ። ምንም አልጠረጠርኩም፤ አንዲት ነገር አልጠረጠርኩም።

ጸሎት ላይ ተንበረከክን። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ዓይኔን ገልጬ ነበር። አንዷን የቄጠማ አገዳ ይዤ በጣቶቼ መሐል አንከባለልኳት። አልንከባለል አለች፤ ሦስት ማዕዘን ናት። ሴጅ ከሌላ ሣር የሚለየው በዚህ ነው፤ አገዳው ሦስት ጎን አለው። በየቀኑ የምለው፣ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የማስተምረው ነገር ነው። ጫፏን አየሁት። ልክክ ብሎ ነው የተቆረጠው።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። የሌባው ነገር አይደለም ያስደነገጠኝ። ሴጅ ማለት ቄጠማ ነው። ከዓመት በላይ ይኼን ሣር ስተክል፣ ስቆጥር፣ ስለሱ ሪፖርት ስጽፍ፣ አንድም ቀን በአማርኛ ስሙን አልጠራሁትም። ለበዓል እየተጎዘጎዘ ያደግኩበትን ቄጠማ አጠገቡ ቆሜ አላወቅሁትም። ሴጅ ሲሉኝ ሴጅ አልኩ፤ የፈረንጅ ሣር ነው ብዬ ተውኩት። በዓለም ላይ ማንም ሰው ይኼን ቢያደርግ ይገባኛል፤ እኔ ነገር ጎርጓሪዋ ግን ምን ነካኝ ብዬ ተንበርክኬ ሳለሁ በራሴ ተናደድኩ። አሜን ሲባል እኔ ገና ቄጠማ ላይ ነበርኩ።

ከመስተንግዶ ክፍል አንዷን ይዤ ማን ነው ያመጣው አልኳት።

«እትዬ ኤልፍነሽ ናቸዋ። ተባረኪ፣ ጉድ አይደል?» አለችኝ።

ጉድ ነው።

እትዬ ኤልፍነሽ የወዳጄ የዘርይሁን እናት ናቸው። በቪዚተር ቪዛ መጥተው ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ቪዛቸው ጥር ላይ ያልቃል፤ ዘርይሁን ማራዘሚያ አስገብቶ መልስ እየጠበቀ ነበር። ስኳር ስላለባቸው ሐኪሙ ይራመዱ ብሏቸው ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ይሄዳሉ። ይኼን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም አላገናኘሁትም።

ከፕሮግራሙ በኋላ ተከትያቸው ቤታቸው ሄድኩ። ዘርይሁን ሶፋው ላይ ጫማውን እያወለቀ ነው። እትዬ ኤልፍነሽ ውኃ ሰጡኝና አጠገቤ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ያ ቄጠማ ከየት ተገኘ?» አልኳቸው።

«ከሐይቁ ዳር ነዋ» አሉ፤ ደስ ብሏቸዋል። «አንቺ ልጅ፣ የዚህ አገር ሰው ዓይን የለውም። እንደዚያ ያለ ቄጠማ በቅሎ ቁጭ ብሎ አንድም ሰው ዞር ብሎ አያየውም። ሳምንቱን ሙሉ ትንሽ በትንሽ እያመጣሁ ገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ አጠራቀምኩት።»

«አልታጠረም?»

«ገመድ ቢጤ አለው። እሱማ ለዝይ ነው። ሥዕል ተሰቅሏል፤ ዝይ አድርገው በቀይ ሰርዘውታል። እኔ ዝይ ነኝ?»

ዘርይሁን ያንን ሥዕል ያውቀዋል መሰለኝ፣ ጫማውን እንደያዘ ቀረ። እኔ ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝ። ሥዕሉ ላይ ሣሩን አትንኩ ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ዝይውን ደግሞ ታርሺኒ ናት ራሷ የሣለችው።

«እትዬ» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እሱ እኮ የኔ ሥራ ነው። እኛ ነን የተከልነው።»

«አንቺ ዘይት የፈሰሰበት ቦታ ነው የምሠራው አላልሽም?»

«እሱ ነው እኮ።»

«ዘይት ስትዪ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ የምግብ ዘይት መስሎኝ። እዚያ ዓሣ የሚጠብሱ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ናቸው የደፉት ብዬ።»

ጉዱን አያችሁ። በእንግሊዝኛ የምሠራውን በአማርኛ ሳወራ «ዘይት ፈሶ» ብዬ ነው የማልፈው። ነዳጅ አልልም፤ ናፍጣ አልልም። ቸርች ውስጥ ስንት ሰው ባለፈው ዓመት ሁሉ የምግብ ዘይት ነው የምትጠርገው ብሎ እንዳሰበ ማን ያውቃል።

እትዬ ኤልፍነሽ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያ ለዚህ ነው» አሉ።

«ምኑ ነው ለዚህ?»

«ከታች በኩል ካለው አንድ ቀን ሞክሬ ነበር። የላይኛው ልፋት ነው፤ ካልቆረጥሽው አይመጣም። ታችኛውን ግን ገና ስይዘው ከነሥሩ እጄ ላይ መጣ። ገንዳ ውስጥ ውኃ ላይ ጣልኩትና አደረ። ጠዋት ባየው ውኃው ላይ ቀለም ቀለም ያለው ነገር ተንሳፍፏል፤ ቤቱ ላምባ ላምባ ሸተተ። አውጥቼ ጣልኩት። ይኼ ልጅ ገንዳውን ምን አድርገሽው ነው ብሎ ተቆጣኝ።»

ዘርይሁን ራሱን ነቀነቀ። «ሦስቴ ነው ያጠብኩት» አለ።

እኔ ተነስቼ ቆሜ ነበር። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ከነሥሩ መጣ ማለት ሥሩ ሞቷል ማለት ነው። ሥሩ ደግሞ የሚሄደው ከአሸዋው በታች ነው፤ ሳምፕል የማይወሰድበት ቦታ። ታርሺኒ ስትጠረጥር የከረመችው ነገር ስካርቦሮ አፓርታማ ውስጥ፣ ገንዳ ላይ፣ ተንሳፍፎ አድሮ ነበር። ወዳጄ ዘርይሁን ደግሞ ማስረጃውን በሳሙና አጥቦ ጨርሶታል።

ነገሩን ለሁለቱ አስረዳሁ። ረቡዕ የሚሆነውን፣ ካምፓኒው የሚለውን፣ ድንጋዩን፣ ሁሉንም። ዘርይሁን እየሰማ ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«እማዬ የትም አትሄድም» አለ። «የቪዛዋ ማመልከቻ መንግሥት ቢሮ ተቀምጧል። የመንግሥት ሰው ፊት ቆማ እኔ ነኝ የቆረጥኩት ልትል ነው? እባክሽ ፅጌ፣ አንቺ ራስሽ ንገሪያቸው። ሰው ነግሮኝ ነው በይ።»

«ማን ነው ያለሽ ይሉኛላ። ላይኛውን ማን እንደቆረጠው ካልተነገረ የካምፓኒው ሰውዬ ዝይ ነው ብሎ ፋይሉን ያዘጋዋል። ሰው ነው ካልኩ ደግሞ ታችኛውንም ያ ሰው ነው የጨረሰው ይላል። ሁለቱን የነካ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

«አይሆንም አልኩሽ።»

እኔም ተናደድኩ፤ ምን እንዳልኩት አላስታውስም፣ ደህና ነገር ግን አልነበረም። ተጯጯህን። እትዬ ኤልፍነሽ ይሰሙናል። ስንጨርስ «ልጆቹ» አሉ።

«ምን ልጆቹ?»

«ዛሬ የቸርች ልጆች ቄጠማው ላይ ሲንከባለሉ ዋሉ። አንዱ ሲያኝከው አይቼዋለሁ።» ፊታቸው ልውጥ ብሏል። «ያ ላምባ ወደ ላይኛው አልደረሰም?»

«አልደረሰም መሰለኝ። አላውቅም» አልኳቸው። እውነቱ እሱ ነው፤ አላውቅም ነበር።

«እንግዲያ ይታወቅ» አሉ። «እሄዳለሁ። ዘርይሁን፣ አንተም ዝም በል።»

ሰኞ ለታርሺኒ ነገርኳት። የማያልቅ ነገር ነበር የሆነብኝ፤ ቄጠማ ምን እንደሆነ፣ ለምን መሬት ላይ እንደሚነጠፍ፣ እንቁጣጣሽ በስንት እንደሚውል። ጨርሼ መልሷን ጠበቅሁ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «የኔም አያት በዓል ሲደርስ የሰው ግቢ ገብታ የማንጎ ቅጠል ትቆርጥ ነበር» አለች። ከዚያ «ትመጣለች?» አለችኝ። ይመጣሉ አልኳት።

ረቡዕ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ጃኬት ይገፍፋል። ኢንስፔክተሯ ሽበታም፣ የማትቸኩል ሴት ናት። የካምፓኒው ሰውዬ እንደተለመደው አዲስ ቦት አድርጓል። እትዬ ኤልፍነሽ የኔን ትርፍ ቦት ጫማ ተጫምተው፣ ነጠላቸውን ከጃኬታቸው በላይ ጣል አድርገው አጠገቤ ቆሙ። ዘርይሁን ሥራ አልገባም፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያየናል። ማስተርጎሙ በኔ ላይ ወደቀ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ፣ ገና ሳይጠየቁ። «ላይኛውን። ለበዓል ነው፤ መሬት ላይ ይነጠፋል። መከልከሉን አላወቅሁም።»

ተረጎምኩ። ኢንስፔክተሯ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ላይኛውን መደብ አየች። የካምፓኒው ሰውዬ ግን ፊቱ በራ፤ ልክ እንደፈራሁት። እጁን ወደ እሳቸው ዘረጋና ለኢንስፔክተሯ ተናገረ። በቃ፣ ሌባዋ ይቺው ቆማለች፣ ራሷ አመነች፣ ሁለቱንም መደብ ያጠፋችው እሷ ናት፣ ሌላ ምን ምርመራ ያስፈልጋል፣ ነው የሚለው።

አልተረጎምኩትም። እንዴት ብዬ ነው ቸርች ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ የሚልላቸውን እናት ሌባ ተብለዋል የምላቸው።

«ምን አለኝ?» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ።

«ምንም። ጥያቄ ነው የጠየቀው።»

«ፅጌረዳ፣ እኔን አየኝ እኮ። ምን አለኝ?»

«ሌባ አለዎት» አልኩ። ስናገረው እንባዬ መጣ፤ በንፋሱ አሳበብኩ።

እትዬ ኤልፍነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልክ ነው» አሉ። «ሳልጠይቅ ነው የወሰድኩት። ሳልጠይቅ የወሰደ ሌባ ነው፤ ይኼንን ንገሪልኝ፣ አታሳምሪው። ያን የታችኛውን የገደለው ግን እኔ አይደለሁም። አምጥቼ ላሳየው በይው።»

እንዳሉት አድርጌ ተረጎምኩ፤ ሌባ የሚለውንም አልዘለልኩም። ኢንስፔክተሯ ለትንሽ ጊዜ አየቻቸው። የካምፓኒው ሰውዬ መደቡ ውስጥ መግባት ክልክል ነው ብሎ መቃወም ጀምሮ ነበር፤ እሷ እጇን አነሳች። ለዛሬ እኔ ፈቅጃለሁ አለች።

እትዬ ኤልፍነሽ መጀመሪያ ላይኛው መደብ ላይ ጎንበስ አሉና አንዱን ቄጠማ በሁለት እጃቸው ያዙ። ጎተቱ። አልነቃነቅ አለ። እንደገና ጎተቱ፤ ቅጠሉ ተቀነጠሰ እንጂ ሥሩ ወይ ፍንክች። ከዚያ ወደ ታችኛው ወረዱ። ገና አንዱን ጫፉን ሲይዙት ከነሥሩ መጣ። ሥሩ ጥቁር ነው፣ የበሰበሰ ነው። ታርሺኒ ከመኪናው የመጠጥ ውኃ ባልዲ ውስጥ ገልብጣ አመጣች፤ እትዬ ኤልፍነሽ ቄጠማውን እዚያ ውስጥ አስቀመጡት።

ምንም የለም። ውኃው ትንሽ ደፈረሰ፣ አሸዋው ወደ ታች ወረደ። ሁላችንም ባልዲው ላይ አፍጥጠን ቆመናል። የካምፓኒው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። ገንዳው ውስጥ ያደረ እኮ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ፤ አሁን በዚች ደቂቃ ባይወጣስ ብዬ አሰብኩ፤ ይኼን እንዴት ቀድሜ አላሰብኩም ብዬ ራሴን ረገምኩ።

እትዬ ኤልፍነሽ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ከተቱ። ሥሩን እንደ ልብስ ጨመቁት።

ቀለሙ መጣ። መጀመሪያ እንደ ሳንቲም፣ ከዚያ ሰፋ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ የውኃውን ፊት ሸፈነው። ሽታው ተከተለ። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ ሳትቸኩል ቀና አለች፤ አካፋ አምጡ አለች። ታርሺኒ እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ከአሸዋው ሥር አንድ ክንድ ያህል ሲቆፈር ጥቁሩ ጭቃ ብቅ አለ። ወጥቷል የተባለው ጭቃ፣ አሸዋ ለብሶ ተኝቶ ነበር። ወደ ላይኛው መደብ ሄደው ቆፈሩ፤ እዚያ አልነበረም። እትዬ ኤልፍነሽ ራሳቸው አፈሩን አንስተው አሸተቱት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ። ለልጆቹ መሆኑ ገባኝ።

የካምፓኒው ሰውዬ ስልኩን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። ኢንስፔክተሯ እዚያው ቆማ ወሰነች። ጭቃው በሙሉ እንደገና ይወጣል፣ ካምፓኒው ነው የሚያወጣው፣ ፋይሉ አይዘጋም። ስለ እትዬ ኤልፍነሽ ደግሞ ለሚቀጥለው በዓል የት መቁረጥ እንደሚፈቀድ ታርሺኒ ትንገራቸው አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ታርሺኒ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። እሷ እንደዚህ ያለ ነገር አትወድም፤ ግን ቆመችልኝ።

ከዚያ ታርሺኒ በእጇ መስመር እያሰመረች ከኢንስፔክተሯ ጋር መነጋገር ጀመረች፤ ማሽኑ የት በኩል እንደሚገባ። ወደ ታችኛው የሚያስገባ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ላይኛው መደብ ላይ ነው የሚያልፈው።

ይኼን ስሰማ ደስታዬ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ያንን መደብ በእጄ ነው የተከልኩት፤ እያንዳንዱን አውቀዋለሁ።

«ምን አሉ?» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ። ፊቴን አይተው ነው።

«ላይኛውም ይነሳል አሉ። ደህናውም። ማሽኑ የሚያልፍበት የለውም።»

ቄጠማውን አዩት። በንፋሱ አንድ ላይ ወደ ውኃው ተኝቶ ይነሳል። «አዲስ ቢተከል» አሉ፣ «እንደዚህ እስኪሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት።»

«ቪዛው ቢራዘምም አልደርስበትማ።»

«ቪዲዮ እልክልዎታለሁ እትዬ። በየወሩ እልካለሁ።»

«ቪዲዮ አይሸትም» አሉ። አፈሩን ከጣቶቻቸው አራገፉ። «አንቺ ራስሽ እዚህ ወርደሽ፣ ነቅለሽ፣ አሽትተሽ ንገሪኝ። ላምባው ከለቀቀ ለቀቀ በይኝ። ካልለቀቀም አልለቀቀም በይኝ፤ እንዳላዝን ብለሽ አትዋሺኝ።»

«አልዋሽዎትም» አልኩ።

ክንዴን ያዙና፣ ቦቱ ትልቅ ስለሆነባቸው ቀስ እያሉ፣ ዘርይሁን መኪናውን ይዞ ወደቆመበት ወጣን።